ድምፁ የጠፋበት ፊልም

ጂንካ፣ የካቲት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

አንድ ክፍል፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሳሙና ለተካፈልኳት እህቴ ይድረስ፤

እንዴት ነሽልኝ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮስ ተወሽ? እማማ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ያ የአከራይሽ ውሻ ሌባ ሲያይ ጭራውን እየቆላ አንቺን ሲያይ የሚጮኸው ነገሩ አልተቀየረም? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬአለሁ። እናቴም ደህና ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረሪማዋን ይዛ ገበያ ትወጣለች፤ ከሸጠችው ይልቅ የሰማችውን ወሬ ይዞ መመለሱ ይከብዳታል። ጂንካ ዝናቧን እየጠበቀች ነው። አቧራው ብቻ ነው ያስቸገረን፤ ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ አስተማሪ ካየሽ አዲስ የተመደበ ነው ማለት ነው።

ድምፅሽን ካጠፋሽ ከሰኔ ወዲህ ስምንተኛ ወር መሆኑ ነው። ስደውል አይነሳም፤ መልእክት ብልክ መልስ የለም። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ፣ ስልኳ ተሰርቆ ነው አልኩ፣ አግብታ ረስታኝ ነው ብዬም ትንሽ ቀናሁ። አሁን ግን ምንም አልልም። ይህን ደብዳቤ በእጅሽ የምትሰጥሽ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ትዕግስት ናት፤ ለእህቷ ሰርግ አዲስ አበባ መምጣቷ ነው። አንብበሽ እስክትጨርሺ ቁጭ ብላ እንድትጠብቅ አደራ ብያታለሁና ሻይ አፍዪላት።

በሚያዝያ ከዲመካ ደውዬ «ፊልም ልሠራ ነው!» ብዬ ስጮህብሽ ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር የሰማሽው ግማሹን ነው። ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ዳጊ የሚባል ዳይሬክተር በሁለት መኪና ሰው ጭኖ ከአዲስ አበባ መጣ። ፊልሙ ስለ አንዲት የሐመር ልጅና መንገድ ሊሠራ ስለመጣ መሐንዲስ ፍቅር ነው። እኔን የፈለጉኝ ለአስተርጓሚነት ነበር። እኔ አሪ ነኝ፣ ሐመርኛ የማውቀው ገበያ ላይ የሚያግባባኝን ያህል ነው ስለው ዳጊ «ያው አይደል?» አለኝ። ያው አይደለም አልኩት። ሳቀ። ሥራውን ስለፈለግኩት እኔም ሳቅሁ።

የልጅቷን ቦታ የያዘችው ትህትና የምትባል ስመ ጥር ተዋናይ ነበረች። ቀይ፣ ቀጭን፣ ለሁሉም ሰው ፈገግ የምትል፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ አልዋሽሽም። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቡናማ ቀለም ይቀቧታል። የዲመካ ፀሐይ ደግሞ ቀለም አታከብርም፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ቀለሙ በአንገቷ እየወረደ ጨሌዋን ያለብሰዋል። እዚያ የቆሙ የሐመር እናቶች ትክ ብለው ያዩዋትና «ይህቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው ቆዳዋ የሚፈስሰው?» ብለው ይጠይቁኛል። ዳጊ «ምን አሉ?» ሲለኝ «ቆንጆ ናት አሉ» አልኩት። ማስተርጎም እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን ትህትናን ሙቀቱ ጣላት። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰቅሎላት፣ ነቃ ስትል ወደ አዲስ አበባ መለሷት። ዳጊ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።  ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝና «ቁመትሽ ስንት ነው?» አለኝ።

የዚያን ቀን ደስታዬን ልገልጸው አልችልም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከአንቺ ሌላ የሚያውቀው የለም። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለን በተራበ ሆዳችን ተሰልፈን የተፈተንንበትን የቴሌቪዥን ድራማ አስታወስኩ። እኔን የቤት ሠራተኛዋን እንድሞክር ሰጡኝ፤ «ከገጠር እንደመጣች አድርገሽ ተናገሪ» ቢሉኝ እኔ እንደመጣሁ ነው የምናገረው ብዬ አሳቅኳቸው፤ ያኔም አልወሰዱኝም። አንቺ ስታነቢ ግን ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ፈታኙ ሰውዬ ዐይኑን ከድኖ ሰማሽ፣ ከዚያ ዐይኑን ገልጦ አየሽና «ለካሜራ ጠቆር ትያለሽ፤ አንቺ ለሬዲዮ የተፈጠርሽ ነሽ» አለሽ። ወጥተን በመንገድ ዳር ጥብስ በቆሎ ገዝተን እየበላን፣ አንቺ የሰውየውን ድምፅ እያስመሰልሽ «ለበቆሎ የተፈጠርሽ ነሽ» ስትዪኝ እስክናለቅስ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ለቅሶው እንዳላቆመ ሁለታችንም አይተናል፤ አልተነጋገርንበትም።

ብቻ እንዲህ ሆኜ ተዋናይ ሆንኩ። ፀጉሬን በቀይ አፈርና በቅቤ ጠቅልለው ሠሩልኝ። ቀረጻው ወደ ኮልቾ ሲዞር፣ ከወንዙ በላይ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሜ ኦሞ ከታች ሲጠመዘዝ እያየሁ ስለ ፍቅር ተናገርኩ። ኮልቾ የካሮዎች መንደር ነው፤ ስለዚህ ፊቴ የአሪ፣ ልብሴ የሐመር፣ ቤቴ የካሮ ሆነ። ይህን ለዳጊ ብነግረው «ተመልካቹ አያውቅም» አለኝ። እኔ ግን ግድ አልሰጠኝም፤ ካሜራው እኔን ያያል! አሥራ አንድ ቀን ሠራሁ። ቃሉን ሁሉ፣ የመሐንዲሱን ጭምር፣ በቃሌ አጠናሁት። የድምፅ ባለሙያው ብቻ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እኔ ስናገር ፊቱን ጨምደድ ያደርግና ዳጊን ያየዋል። ዳጊ «ግድ የለም፣ ድምፁን በኋላ እናስተካክለዋለን» ይለዋል። የምጮኸው በዝቶ ሊቀንሱልኝ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ያለፈው ጥር ላይ ፊልሙ ጂንካ መጣ። ፖስተሩ ላይ መሐንዲሱ በሙሉ ፊቱ ቆሟል፤ እኔም አለሁ፣ በጀርባዬ። እናቴ ግን ፖስተሩ ፊት ቆማ «ይሄ አንገት የኔ ልጅ አንገት ነው» እያለች ለሚያልፍ ሁሉ አሳየች። እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ፈሰሰ። አስተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሙሉ፣ የገበያ ሴቶች። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ጎረቤቶቿን ግራና ቀኝ አስቀምጣ ተቀመጠች። ፊልም ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው።

መብራት ጠፋ። ገደሉ ጫፍ ላይ ብቅ አልኩ። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። አፌን ከፍቼ «ማን ነው እዚያ?» አልኩ።

እኔ አልነበርኩም። ከአፌ የወጣው ሌላ ድምፅ ነው። ጥርት ያለ፣ የአዲስ አበባ፣ የሚያምር።

መጀመሪያ የገባት እናቴ ናት። አማርኛ ብዙ አታውቅም፤ የልጇን ድምፅ ግን ታውቃለች። ብድግ አለችና በአሪኛ «ይህቺ ማን ናት? የልጄን ድምፅ የት አደረጉት?» ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችው ተማሪዬ ውባንቺ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ አማርኛሽ እንደኛ ስለሆነ ነው?» አለችኝ።

እህቴ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጥያቄ ያሳፈረኝ የለም። ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። አምና የወላጆች ቀን ሲከበር ከሁሉ የበለጠውን ግጥም የጻፈችው ይህችው ውባንቺ ነበረች። ከገጠር ቀበሌ አንድ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የምትማር ልጅ ናት። እኔ ግን እንግዶች አሉ፣ አፏ በደንብ አይፈታም ብዬ ግጥሟን ለከተማ ልጅ ሰጥቼ አስነበብኩት። ውባንቺ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የራሷን ግጥም ከሰው አፍ ሰማች። አጨበጨበችም። እኔ የአማርኛ አስተማሪዋ፣ ከሁሉም በላይ የራሴ አማርኛ እንደሷ የሆነ፣ እንደዚያ አድርጌያታለሁ። ዳጊን ልረግመው አፌን ስከፍት ያ ቀን ፊቴ ድቅን አለ።

እና ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ዐይኔን ጨፈንኩ። ሁለተኛ ዓመት ሳለን ዐይኔ ታሞ ሁለት ሳምንት በፋሻ ታስሬ ስተኛ፣ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ የክፍሉን ማስታወሻ ሁሉ ያነበበልኝ ሰው ነበር። እንደዚያን ጊዜው ጨፍኜ አደመጥኩ። ዓረፍተ ነገር ከመጀመሯ በፊት ያቺን ትንሽ ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የማን ድምፅ እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። እዚህ ላይ ልለፈው።

ፕሮጀክተሩን የያዘው ዶላሞ ነው፤ ቁጣው ፈጣን፣ ልቡ ገር የሆነ ሰው። ከኋላ ሆኖ «ቲቸር! ድምፁን ላጥፋው?» ብሎ ጮኸ። ተማሪዎቼ በአንድ አፍ «አጥፋው!» አሉ። አጠፋው። ፊልሙ ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ብቻ ራሴን ስክሪኑ አጠገብ አገኘሁት። እላይ እኔ አፌን አንቀሳቅሳለሁ፤ እታች እኔ እናገራለሁ። የመጀመሪያውን ቃል ከስክሪኑ አፍ ቀድሜ ተናገርኩት። ሁለተኛው ላይ ከአፌ ጋር ገጠመ። አዳራሹ ፈነዳ!

ችግሩ መሐንዲሱም ድምፅ የለውም። የስፖርት አስተማሪያችን ሽመልስ ዘሎ ወጣና «እኔ እሆናለሁ» አለ። አያቶቹ ከሰሜን መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ አማርኛው ያለ ችግር ይፈስሳል፤ ቃሉን ግን አንዱንም አያውቅም። መሐንዲሱ ተንበርክኮ ፍቅሩን የሚገልጽበት ቦታ ላይ ሽመልስ ያየውን አይቶ «የኔ እመቤት፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቷል» አለ። መሐንዲሱ አቀርቅሮ ሲያለቅስ «ጠጠሩ ትልቅ ነው» አለ። አንዲት ገበያተኛ ከወንበሯ ወደቀች። ፍየሎች ሲያልፉ ልጆቹ ፍየል ሆኑ፤ ወንዙ ሲታይ አዳራሹ በሙሉ «ሽሽሽ» አለ። እኔ በሳቅ ቃል ሲጠፋኝ ውባንቺ ከፊት ሆና ታስታውሰኛለች፤ ከቀረጻው ስመለስ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ተርኬላቸው ነበር፣ እሷ ደግሞ አንዴ የሰማችውን አትረሳም።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ልጅቷ ከመሐንዲሱ ጋር ልትሄድ ስትል እናቷን ትሰናበታለች። ረጅም ንግግር ነው፤ የፊልሙ እናት መልስ የላትም፤ ዝም ብላ እንድታይ ነው የተጻፈላት። እኔ በአማርኛ ልጀምር አፌን ከፈትኩና ፊት ወንበር ላይ እናቴን አየኋት። አማርኛው ጠፋኝ ልበልሽ? አልጠፋኝም። በአሪኛ ተናገርኩት። ከአፌ እንቅስቃሴ ጋር አይገጥምም፤ ማንም ግን ልብ አላለውም። በሕይወቴ አሪኛ ከእንደዚያ ያለ ትልቅ ስዕል ጎን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሲንጫጫ የነበረው ልጅ ሁሉ ወደ እኔ አንጋጠጠ። «እናቴ፣ ልሄድ ነው» ብዬ ስጨርስ እናቴ ከወንበሯ ሆና «ሂጂ፤ ግን ሳትበዪ አትሂጂ» ብላ መለሰችልኝ። አሪኛ የሚያውቀው ሳቀ፤ የማያውቀውም የሚያውቀውን አይቶ ሳቀ። ሽመልስ ግን እያለቀሰ ነበር፤ ጠጠር ነው አለን።

ጠባዬን ታውቂዋለሽና አልደብቅሽም፤ በማግስቱ ሳቁ ሲያልፍ አኮረፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ያቺን ድምፅ አኮረፍኳት። ዕቃ ሳጥብ አኮርፋታለሁ፤ ደብተር ሳርም አኮርፋታለሁ። የገላገለችኝ እናቴ ናት። ሳልጠይቃት «ያቺ ልጅ ግን ማን ናት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «የተናገረችው የሰው እንስራ እንደተሸከመች ሴት ነው» አለች። «ቀስ ብላ፣ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች። የራሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ያንቺ ነገር ደህና እጅ ነው የገባው፤ ፊትሽን ፍቺው።» ፈታሁት። አሁንም እንደተፈታ ነው።

ዳጊ ከሳምንት በኋላ ደወለ። ከተማሪዎቹ አንዱ የአዳራሹን ነገር በስልክ ቀርጾት ኖሮ አይቶታል። መጀመሪያ ፊልሜን መሳቂያ አደረጋችሁት ብሎ ተቆጣ። ሽመልስን ሲያነሳ ራሱ ሳቀ። ከዚያ «አትቀየሚኝ፣ ገበያው እኮ ነው፤ የተመልካቹ ጆሮ እንዲህ ያለ አነጋገር አልለመደም» አለኝ። ስላላሰማኸው ነዋ አልኩት።  ቀጥሎ ሊያባብለኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «ድምፅ የሰጠችሽ ልጅ እኮ የዋዛ አይደለችም፤ ስሟን ልንገርሽ?» አለኝ።

አትንገረኝ አልኩት። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሹፌሩ ስም አለ፣ የምግብ አብሳዩ ስም አለ፣ የኔም አለ፤ አንድ ፊደል ጎድሎታል እንጂ። የሷ ግን የለም። እዚያ ያልጻፍከውን በስልክ አትንገረኝ አልኩት። እሱ ደግሞ ሳይገባው «ልጅቷን ለካሜራም ባደረግናት ጥሩ ነበር፤ ግን ጠቆር ትላለች...» ብሎ ጀመረ። እዚያ ላይ ስልኩን ዘጋሁበት። መልካም አስተዳደግ ያላት ልጅ ሰው ሲናገር ስልክ አትዘጋም፤ እናቴ ግን ስነግራት «ደግ አደረግሽ» ብላኛለች። ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ሰዎቹ ከሁለት ሰው ግማሽ ግማሽ ወስደው አንድ ሰው ሠሩ፤ የቀረውን ሁለት ግማሽ ወዴት እንደጣሉት አልጠየቁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የራሳችንን ፊልም ልንሠራ ነው! አትሳቂ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ኖላዊ የሚባል መምህር ካሜራ አለው፤ አዳራሽ ውስጥ ነበረና በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ታሪኩን የጻፈችው ውባንቺ ናት። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ «ግጥሙን እንደገና ላንብበው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝና በሰልፍ ላይ ለሙሉ ትምህርት ቤቱ አነበበችው። በራሷ አፍ።

ታሪኩ ከአዲስ አበባ ስለተመደበች አስተማሪ ነው። መንደር ትገባለች፤ የምትለው ለማንም አይገባም፤ አሪኛ ስትሞክር ሕፃናቱ ይስቁባታል፤ በዚህ ፊልም አፏ አልፈታ የሚለው የእሷ ነው። ጎበዝ፣ ኩሩ፣ ትንሽ ኮስታራ፣ ስትስቅ ግን ቤት የምትሞላ ሴት ናት። መልኳን ውባንቺ ስትጽፍ «ጥቁር፣ ቆንጆ» ብላ ነው የጻፈችው፤ እኔ ምንም አልጨመርኩም። ብዙ ሰው አየን፤ አላገኘናትም። ኖላዊ «ድምፅ ያላት ሴት እንፈልግ» ሲል እኔ፣ ድምፅም ፊትም ያላት፣ ሁለቱ የአንድ ሰው የሆኑ እንፈልግ አልኩት። የት አለች ሲለኝ፣ አንድ ደብዳቤ ልጻፍ ብዬዋለሁ።

አሪኛሽ ቢንተባተብ እንደተንተባተበ ይቀረጻል፤ ማንም አያስተካክለውም። ስምሽ ፊደል ሳይጎድለው መጨረሻ ላይ ይጻፋል፤ አራሚዋ እኔ ነኝ። ፋሲካ እንዳለፈ ነይ። አርባ ምንጭ አድረሽ በማግስቱ ትገቢያለሽ። ለትዕግስት አዎ ወይም አይሆንም በያት፤ ሌላ ምንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ስለ ሰኔም ቢሆን።

እናቴ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ኮረሪማ እየፈለፈለች ነው። «ለማን ነው ይህን ሁሉ?» አለችኝ። አንድ ክፍል አብራኝ ለኖረች ልጅ ነው፣ ምናልባት እንግድነት ትመጣ ይሆናል አልኳት። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልነገርኳትም። እጇን ሳታቆም ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው አጥሩ ጋ ስትደርስ አፍራ ዝም ብላ እንዳትቆም በያት። ድምፅዋን አሰምታ ትጣራ፤ እኔ አውቃታለሁ» አለች።

መንገድሽ ቀና፣ ቤትሽ ሰላም፣ ደረትሽ ከሳል የራቀ ይሁን። እማማን ሁለቱንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የአንድ ክፍል እህትሽ